ስለ ቤት ራውተር አመራረጥና አጠባበቅ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ጓዳ ንጽሕና፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ አያያዝ በየጊዜው እንደምንጽፍ ታውቃላችሁ። ዛሬ ደግሞ ከቡፌ ላይ ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ ተቀምጦ፥ ሌት ተቀን ትንንሽ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ስለሚኖር፥ ዳሩ ግን የቤቱ ጌታም ሆነ እመቤቲቱ እምብዛም ልብ ስለማይሉት አንድ ዕቃ ጥቂት ቃል ልንናገር አስበናል። ይኸውም ራውተር የሚባለው ነው። ሥራው ከቴሌ መስመር የመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉት ስልኮች፥ ኮምፒዩተሮች፥ ቴሌቪዥኖችና ካሜራዎች ያለ ሽቦ በአየር ማከፋፈል፥ ከእነርሱም የሚወጣውን ሰብስቦ ወደ ውጭ መላክ ነው። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ በዚህ በአንድ በር ይወጣል፥ በዚህም በር ይገባል ማለት ነው። ለግቢው በር ጥሩ ቁልፍ ለመግዛትና ዘበኛ ለመቅጠር ገንዘቡን የማይሰስት ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህኛው በር ግን ያገኘውን ዕቃ ገዝቶ፥ ፋብሪካው የጻፈበትን ቃል እንኳ ሳይለውጥ ዓመታት ያሳልፋል።

ነገሩ በግልጥ እንዲታይ ወደ ጉራጌ አገር ከተሞች እንሂድ። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ቡታጅራም በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች። እነዚህን ሁለት ከተሞች የመረጥናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የአገሩ ሰው በንግድ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ልጆቹ በመርካቶና በሌሎችም ከተሞች ተበትነው ሲሠሩ ይከርሙና መስከረም 17 ለሚውለው ለመስቀል በዓል ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ሲመጡም ባዶ እጃቸውን አይመጡም። አንዱ ለአባቱ ስልክ፥ ሌላው ለእናቱ ትልቅ ቴሌቪዥን፥ ሦስተኛው ግቢውን የሚጠብቅ ካሜራ ይዞ ይመጣል። በዚህ ዓይነት በአንድ ቤት ውስጥ የአሥር ዓመት አሮጌ ስልክና ትናንት የተገዛ ስልክ፥ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተርና የሕፃናት መጫወቻ ታብሌት በአንድ መረብ ላይ ጎን ለጎን ይውላሉ።

ከዚህም በላይ እንግዳው አለ። በመስቀል ሰሞን ክትፎውና ቆጮው ሳይቀርብ፥ የጤና ጥያቄው እንደ ተፈጸመ ወዲያው ከወጣቶቹ አንዱ፥ «ጋሼ፥ የዋይፋዩ ፓስዎርድ ስንት ነው?» ይላል። አባትየው ምን ይመልሱ? ለእንግዳ ውሃ መከልከል ነውር እንደ ሆነ ሁሉ ይህንንም መከልከል ዛሬ ነውር ሆኗል። ስለዚህ፥ «ልጄ፥ የእኔ ስልክ ቁጥር ነው፥ ጻፈው» ይላሉ። ያ ቃል እስከ ማታ ድረስ ወደ ዘመድ ልጅ፥ ከዘመድ ልጅ ወደ ጎረቤት ልጅ ይሄዳል። ስልኮቹም ቃሉን በውስጣቸው ስለሚያስቀምጡት፥ በሚመጣው ዓመት ያው እንግዳ ከበሩ ሲደርስ ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንግዳን ሳናስቀይም ቤታችንን እንዴት እንጠብቃለን? እኛ እንደምናስበው መልሱ ያለው ዕቃውን በምንገዛበት ቀን ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድመን ግን የሚያሰጋው ነገር ምን እንደ ሆነ እንናገር፤ «ትንሽ ኢንተርኔት ቢወሰድብኝ ምን ይጎዳኛል?» የሚሉ ሰዎች አሉና። የቀድሞው ሰው ገንዘቡን በሣጥን ቈልፎ ያስቀምጥ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፥ ኤም ፔሳም በ2015 ዓ.ም. ከተከተለው ወዲህ፥ ባንኮችም የየራሳቸውን መተግበሪያ ካወጡ በኋላ፥ የብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብ በስልክ ውስጥ ሆኗል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን ደግሞ ገና ያልተፈረመ ደብዳቤና የሰው ጉዳይ ያለበትን ኮምፒዩተር ማታ ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያዎች መልእክታቸውን በምስጢር ጽሕፈት አድርገው ስለሚልኩ፥ በመረቡ ላይ የገባ ሁሉ ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ያነባል ማለት እንዳልሆነ እርግጥ ነው፤ በከንቱ ማስፈራራት አንፈልግም። አደጋው በሌላ መንገድ ይመጣል።

ይህንንም በብራዚል የሆነው ነገር ያስረዳል። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2011 በዚያ አገር 4.5 ሚሊዮን ያህል የቤት ሞደሞች በሌቦች እጅ ወደቁ። ሌቦቹ በማንም ቤት በር አልገቡም፤ በሞደሞቹ ውስጥ የነበረውን ጉድለት ከሩቅ ተጠቅመው፥ የድረ ገጽን ስም ወደ ትክክለኛው አድራሻ የሚመራውን መዝገብ ለወጡት። የቤቱ ሰው የባንኩን ስም አስተካክሎ ቢጽፍም የሚደርሰው ባንኩን መስሎ ከተሠራ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ሆነ። ሰውዬው አልተሳሳተም፥ ስልኩም አልታመመም፤ መንገድ የሚያሳየው ራውተሩ ነበር የተገዛው። በራውተር ላይ የተሾመ ሰው በቤቱ ባሉት መሣሪያዎች ሁሉ ላይ የተሾመ ያህል ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ግዢው እንመለስ። ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ዋጋው አይደለም፤ ወደ ቤታችን የሚገባው መስመር ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። በቀድሞው የስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት አለ፤ ከመስታወት በተሠራ ቀጭን ክር፥ ማለት በፋይበር የሚመጣ አለ፤ በሲም ካርድ አማካይነት ከማማው በቀጥታ በአየር የሚመጣም አለ። ለእያንዳንዱ የሚሆነው መሣሪያ የተለያየ ነው። የስልክ ሽቦ ራስ ጠባብ ነው፥ የኔትዎርክ ገመድ ራስ ግን ሰፊ ነው፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይሠራም። አንድ ሰው ከመርካቶ መልካም ራውተር መርጦ በአውቶቡስ 155 ኪሎ ሜትር ተሸክሞ ወልቂጤ ከደረሰ በኋላ የስልኩ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ እንደሌለው ቢያገኝ፥ ጥፋቱ የራውተሩ አይደለም። ስለዚህ አሁን በቤት ያለውን ሞደም ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሻጩ ማሳየት ብዙ ድካም ያስቀራል። በሲም ካርድ የሚሠራውን ለሚገዛ ደግሞ ዕቃው የኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሳፋሪኮምን ሞገድ የሚቀበል መሆኑን በዚያው በሱቁ ሲሙን አስገብቶ ማየት ይገባል። ለሌላ አገር ተሠርቶ የመጣ ዕቃ መብራቱ እየበራ መስመሩን ላያገኝ ይችላልና።

ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚያወድሱት የአንቴናውን ብዛት ነው። «ይህ ባለ አራት ነው፥ ይህ ባለ ስድስት ነው» ይላሉ። አንቴና እንደ በሬ ቀንድ ለግርማ የሚታይ ነገር አይደለም። የቤቱ መስመር በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብቻ የሚያመጣ ከሆነ፥ ስምንት አንቴና ያለው ራውተር 11 አያደርገውም፤ ከጠባብ ምንጭ ላይ ሰፊ ገንቦ እንደ መደቀን ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው መስመሩ ነው፤ ራውተሩ የሚወስነው የመጣው በየክፍሉ በምን ያህል ደኅንነትና ስፋት እንደሚዳረስ ነው።

በዚህ ረገድ ዋናው ነገር የቤቱ አሠራር ነው። ራውተሮች በሁለት ዓይነት ሞገድ ይናገራሉ፤ አንደኛው 2.4 ጊጋሄርትዝ፥ ሁለተኛው 5 ጊጋሄርትዝ ይባላል። የመጀመሪያው ራቅ ብሎ ይሄዳል፥ ግድግዳንም በመጠኑ ያልፋል፥ ነገር ግን ዝግ ያለ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ስለሚጠቀምበትም ይጨናነቃል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፥ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። በጭቃ የተመረገ ወፍራም ግድግዳ፥ ይልቁንም በክረምት ርጥበት ሲጠጣ፥ ሞገዱን በጣም ይቀንሰዋል፤ ብሎኬትም እንደዚሁ ነው። ቆርቆሮ ግን ጨርሶ ይመልሰዋል። ስለዚህ በቆርቆሮ የታጠረ ማድ ቤት ውስጥ ዋይፋይ አልደርስ አለ ብሎ ራውተሩን መርገም አይገባም። አሮጌ ስልኮችና ርካሽ ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ 2.4ን ብቻ ያውቃሉ፤ አዲሶቹ ሁለቱንም ያውቃሉ። እንግዲህ ልዩ ልዩ መሣሪያ ያለበት ቤት ሁለቱንም ሞገድ የሚናገር ራውተር ያስፈልገዋል። አዲሶቹ በ5 ሲሄዱ አሮጌዎቹ በ2.4 ይቀራሉ። አንድ ዝግ ያለ አሮጌ ስልክ ተራውን ይዞ አየሩን ረጅም ጊዜ ስለሚያቆይ፥ ከአዲሶቹ ጋር በአንድ ሞገድ ሲሆን ሁሉንም ያዘገያልና፥ መለየቱ ለፍጥነትም ይጠቅማል።

አቀማመጡንም በአጭሩ እንናገር። ራውተር ከሁሉ ክፍል መካከል፥ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። እንዳይሰረቅ ብሎ በቁም ሣጥን ቈልፎ፥ ወይም ለውበት ብሎ ከማቀዝቀዣ ጀርባ ደብቆ፥ ከዚያ በኋላ «አይሠራም» ማለት ሚዛናዊ ፍርድ አይደለም። ሰፊ ግቢ ያለው፥ የእንግዳ ቤቱና ዋናው ቤት የተራራቁ እንደ ሆነ፥ ትልቅ ራውተር ከመግዛት ይልቅ በመካከሉ የኔትዎርክ ገመድ ዘርግቶ በሩቁ ቤት ትንሽ ሁለተኛ ማከፋፈያ ማኖር ይሻላል። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያደርሳል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደረስን። የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ጀፎሮ የሚባለውን ሰፊ አረንጓዴ መንገድ ያውቃል። በግራና በቀኝ በተሰለፉት ቤቶች መካከል የተዘረጋ የሁሉም የሆነ ሜዳ ነው፤ ሰርጉም ለቅሶውም የበዓሉም ጨዋታ በእርሱ ላይ ይሆናል፤ ማንም ሰው አጥሩን ገፍቶ እንዳይወስደው በአገሩ ሥርዓት የተጠበቀ ነው። እንግዳ በጀፎሮው በኩል መጥቶ በፊት በር ይገባል፥ ይስተናገዳል፥ ይከበራል። የእንሰቱ ተክል ያለበት ጓሮ ግን ከቤቱ በስተ ኋላ ነው፥ እንግዳም ወደዚያ ዘው ብሎ አይሄድም። እንዲህ በመሆኑ ማንም እንደ ተናቀ አይቈጥረውም፤ የቤት ሥርዓት ነውና።

መልካም ራውተርም እንደዚሁ ሁለት ስፍራ ያለው ነው። በመሣሪያው ገጽ ላይ «ጌስት ኔትዎርክ» ተብሎ የሚጻፈው፥ እኛ የእንግዳ መረብ የምንለው፥ የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል አለው። በእርሱ የገባ ሰው ኢንተርኔቱን እንደ ልቡ ያገኛል፤ የቤቱን ኮምፒዩተር፥ የቤቱን ካሜራ፥ የራውተሩንም መቈጣጠሪያ ገጽ ግን አያይም። እንዲያውም በአንዳንዱ ራውተር የእንግዶቹ ስልኮች እርስ በርሳቸው እንኳ እንዳይተያዩ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ቆሞ ስለ አንቴና ከመከራከር ይልቅ፥ «ይህ ዕቃ የእንግዳ መረብ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። የለውም ቢባል፥ ዋጋው ቢረክስም ሌላ ማየት ነው። በዚህ አባትየው «ልጄ፥ አልሰጥህም» ከማለት ይድናሉ፤ የእንግዳውን ቃል በወረቀት ጽፈው ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት እንኳ አይጎዳም።

ከቴሌ የተሰጠው ሞደም ይህ የሌለው ከሆነም መጣል አያስፈልግም። ሞደሙ እንደ ነበረ ሆኖ ለእንግዳ ይተው፤ ከእርሱ በገመድ የሚቀጥል ሁለተኛ ራውተር ተገዝቶ ለቤተ ሰቡ ብቻ ይሁን። ተራውን ማገላበጥ ግን አይገባም፤ እንግዳው በፊተኛው፥ ቤተ ሰቡ በኋለኛው መሆን አለበት። ከኋለኛው ራውተር በስተ ውስጥ ያለውን መሣሪያ በፊተኛው ላይ ያለ እንግዳ በቀላሉ አይደርስበትምና።

በዚህ በእንግዳው ስፍራ የሚቀመጡት ሰዎች ብቻ አይደሉም። ርካሹ ካሜራ፥ ቴሌቪዥኑ፥ በስልክ የሚበራና የሚጠፋው አምፖልም በዚያው ይሁኑ ብንል አንባቢው ይገረም ይሆናል። ካሜራው የገዛ ዕቃችን ሲሆን ለምን እንደ እንግዳ ይቈጠራል? ምክንያቱ ይህ ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ካሜራዎችንና የቤት ራውተሮችን ማረከ። ጥበቡም ረቂቅ አልነበረም፤ ፋብሪካዎች በዕቃዎቻቸው ላይ የሚያደርጓቸውን 60 ያህል የታወቁ የመግቢያ ቃላት በተራ ይሞክር ነበር። ባለቤቶቹ ቃሉን ስላልለወጡት በሩ ተከፈተለት። በጥቅምት ወር እነዚያን ሁሉ በአንድ ጊዜ አዝምቶ ታላላቅ የአሜሪካ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አሰናከለ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ግን ዕቃቸው ዘማች መሆኑን አያውቁም ነበር። ግቢ እንዲጠብቅ የተሰቀለ ካሜራ የሕፃናቱን ጨዋታና የቤተ ሰቡን መውጫና መግቢያ ሰዓት ለማይታወቅ ሰው የሚያሳይ ከሆነ ባይኖር ይሻል ነበር። ስለዚህ የመግቢያ ቃሉን መለወጥ፥ ከቤተ ሰቡ መረብም መለየት ይገባል። መኝታ ቤት ውስጥ ካሜራ ማኖርን ግን በምንም ምክንያት አንመክርም።

ስለ ይለፍ ቃል ብዙ ተብሏል፤ ቢሆንም ያልተባለ አንድ ነገር አለ። በአገራችን የስልክን ቁጥር የዋይፋይ ቃል ማድረግ የተለመደ ሆኗል። አሥር አኃዝ ስላለው ረጅምና ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በ09 የሚጀምር መሆኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ያልታወቁት አኃዞች ስምንት ብቻ ናቸው፤ ይህም 100 ሚሊዮን ቁጥር ማለት ነው። ለሰው ብዙ ነው፥ ለኮምፒዩተር ግን ጥቂት ነው። ሌባው በአጥር ሥር ቆሞ አንድ በአንድ አይሞክርም፤ አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲተዋወቅ በአየር የሚለዋወጡትን ሰላምታ ቀድቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ለቪዲዮ ጨዋታ የተሠራ አንድ ጠንካራ ኮምፒዩተር በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ቁጥር ስለሚሞክርለት ሥራው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የልደት ቀንም፥ የመኪና ሰሌዳም እንዲሁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቃሉ ከ8 እስከ 63 ፊደል ሊሆን ይችላል፤ በብዙው ራውተር በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸውን አራት ቃላት መርጦ፥ ለምሳሌ እንሰት፥ ማኅተም፥ ዝናብ፥ ሙገራ ብሎ፥ በላቲን ፊደል አያይዞ ቢጽፋቸው ለማስታወስ ቀላል፥ ለመገመት ግን እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ወይም የመዝሙር ስንኝ ግን አይሁን፥ ሁሉ ያውቀዋልና። እነዚህ የጻፍናቸውም አራቱ ቃላት በጋዜጣ ታትመዋልና አይጠቅሙም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይፈልግ።

ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ቃል አለ፤ እርሱን ብዙ ሰው አያውቀውም። የመጀመሪያው ወደ ዋይፋዩ የሚያስገባው ነው፤ ሁለተኛው ወደ ራውተሩ መቈጣጠሪያ ገጽ የሚያስገባው ነው። የፊተኛው የግቢ ቁልፍ ከሆነ የኋለኛው እንደ ማኅተም ነው። በመዝገብ ቤት ማኅተም በማን እጅ እንደሚሆን የሚያውቁ አንባቢዎቻችን ይህን ማብራራት አያስፈልጋቸውም። ብዙ ራውተሮች ስሙም ቃሉም «አድሚን» ሆኖ ይሸጣሉ፤ ይህንም ዓለም ሁሉ ያውቃል። መስመሩን የተከለው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ እንደ ሄደ፥ እርሱን በመጠርጠር ሳይሆን ለሥርዓት ሲባል፥ ሁለቱም ቃላት በዚያው ቀን ይለወጡ። ተጽፈውም ከቤቱ ካርታና ከውሉ ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጡ፤ የቤቱ ጌታ ብቻ የሚያውቀው ቃል እርሱ በታመመ ቀን ለማንም አይጠቅምምና። እመቤቲቱ ፖስታው የት እንዳለ ማወቅ አለባት።

በመቈጣጠሪያው ገጽ ላይ ከተገባ ዘንድ ጥቂት ነገሮች ይስተካከሉ። የምስጢር ጽሕፈቱ ዓይነት ደብሊው ፒ ኤ 3 ቢሆን ማለፊያ ነው፤ ይህ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2018 የወጣ ነው። ነገር ግን አሮጌው ስልክና ካሜራው አያውቁትም፤ ስለዚህ 2ንም 3ንም አብሮ የሚቀበለው መምረጥ ነው፥ ወይም ቤተ ሰቡ በ3 እንግዳው በ2 ይሁን። ደብሊው ኢ ፒ የሚባለው ግን ከ2001 ጀምሮ የተሰበረ ቁልፍ ነውና፥ እርሱን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ካለ ከመረቡ ይውጣ። ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚያገናኘው ደብሊው ፒ ኤስ ይጥፋ፤ ባለ ስምንት አኃዝ ቁጥሩ በቀላሉ እንደሚፈታ በ2011 ተገልጧል። ራውተሩን ከሩቅ፥ ከውጭ አገር እንኳ ሳይቀር ለማዘዝ የሚያስችለውም ይዘጋ። እነዚህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስዱም፤ ከቤቱ ልጆች አንዱ፥ ይልቁንም በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ካለ፥ ለእረፍት ሲመጣ ሊያደርገው ይችላል።

በራውተር ውስጥ ያለው ፕሮግራምም እንደ ስልክ ፕሮግራም ማደስ ይፈልጋል። በ2017 አንድ የቤልጅግ አገር ተመራማሪ፥ ማቲ ቫንሁፍ የተባለ፥ ታማኝ ይባል በነበረው በደብሊው ፒ ኤ 2 ውስጥ ጉድለት አገኘ፤ አምራቾቹም ማደሻ አወጡ። የታደሱት መሣሪያዎች ዳኑ፤ ያልታደሱት ግን ጉድለታቸውን ይዘው ቀሩ። ስለዚህ ርካሽ ነው ብሎ ያገለገለ ራውተር ከመግዛት በፊት አምራቹ እስከ ዛሬ ያድሰው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። አምራቹ የተወው ራውተር መብራቱ ቢበራም እንደ ሞተ መቈጠር አለበት።

አንዳንድ ሰው ሕግ አለ ብሎ ይተማመናል። እርግጥ ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያልተፈቀደለት ሰው ወደ ሌላው የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም መረብ መግባቱን ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። ነገር ግን አዋጅ የተያዘውን ይቀጣል እንጂ በር አይዘጋም። በተጨማሪም በእኛ መስመር ሌላ ሰው ክፉ ነገር ቢሠራ፥ በመዝገብ የሚታየው በመጀመሪያ የመስመሩ ባለቤት ስም ነው። ያን ጊዜ «እንግዳ ነበር ያደረገው» ማለት ከባድ ክርክር ይሆናል።

ስለ ኤሌክትሪክም ሳንናገር አናልፍም፤ በሁለቱም ከተሞች መብራት ሲቋረጥና ሲመለስ ዕቃ ያቃጥላልና። ራውተር የሚፈልገው ኀይል ትንሽ ነው፥ አብዛኛው በ12 ቮልት ይሠራል፥ ከ12 ዋትም እምብዛም አይበልጥም። ለእርሱ ተብላ የተሠራች ትንሽ ባትሪ፥ ሚኒ ዩፒኤስ የምትባለው፥ ለጥቂት ሰዓት ታቆየዋለች፥ ከሚመለሰው ኀይል ምትም ትጠብቀዋለች፤ ቮልቷ ከራውተሩ ጋር አንድ መሆኑን ግን ማየት ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሲያጕረመርም መስመሩ የመዳብ ሽቦ ከሆነ የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ሽቦ መንቀል ያስፈልጋል። ፋይበር መስታወት ስለ ሆነ መብረቅ አያመጣም፤ ከመብራቱ ሶኬት ግን እርሱም መነቀል አለበት።

አዲሱ ከተተከለ በኋላ አሮጌው ራውተር ለዘመድ ይሰጣል ወይም ለቁራሌው ይሸጣል። ከመስጠት በፊት በስተ ኋላው ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በመርፌ ወይም በክብሪት እንጨት ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው፤ መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው እንደገና ይበራሉ። ያን ጊዜ በውስጡ የነበረው የቤቱ መረብ ስምና ቃል ሁሉ ይጠፋል።